ከሊጥ ጋር የከረመ ስኳር ድንች

ውድ እማማ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ ደህና ነን። ልጅዎ ደህና ናት፣ ዳቦ ቤቱ ደህና ነው፣ የከተማችን ብርድም እጅግ ደህና ነው፤ እሱ እንደሆነ አንድ ቀን ታሞ አያውቅም።

ይህን የምጽፍልዎት ዳቦ ቤት ውስጥ፣ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው። ወረቀቱ ላይ ነጭ ነገር ካለ ያራግፉት። ማንበቡ ዓይንዎን ካስቸገረዎት፣ ደብዳቤውንና ሳጥኑን የሚያደርስልዎት ያው ጎረቤታችን ሹፌሩ ስለሆነ እሱ ያነብልዎታል። እያነበበ ከራሱ የጨመረበት ከመሰለዎት ግን ያስቁሙት፤ ያውቁታል፣ ሳይጨምር አያወራም።

አማች ለአማቱ ረጅም ደብዳቤ ሲጽፍ ወይ ከሚስቱ ተጣልቷል ወይ ቸግሮታል ብለው ይጠረጥሩ ይሆናል። ሁለቱም አይደለም። የምጽፍልዎት ጉድ አይቼ ነው። ዕድሜ ልኬን ዱቄት ዳቦ ሲሆን የማይ ሰው ነኝና በቀላሉ የምደነቅ አይመስለኝም ነበር፤ ይኸው እጄን ባፌ ጭኜ ቀርቻለሁ። ያየሁትን ከእርስዎ በላይ የሚረዳልኝ ሰው ስለሌለ፣ ለእርስዎ ሳልነግር መክረም አልሆነልኝም።

ነገሩ ስለ ስኳር ድንቹ ነው። እስኪ ከመጀመሪያው ልነሳ።

አባባ ካረፉ በኋላ፣ ከጉድጓዱ ውሃ ሲቀዱ ወድቀው መንገደኛ እስኪያነሳዎት ድረስ መሬት ላይ መቆየትዎን ልጅዎ ስትሰማ፣ ማንንም ሳታማክር ሄዳ ይዛዎት መጣች። እኔ መናኸሪያ ጠበቅኋችሁ። ብዙ ዕቃ እሸከማለሁ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። የያዙት ግን አንዲት ትንሽ ሻንጣና በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ እቅፍ ሐረግ ብቻ ነው። ሻንጣዋን ሰጡኝ፤ ሐረጉን ግን እጄን ብዘረጋም አልሰጡኝም። ከጓሮዎ ስኳር ድንች ላይ ቆርጠው ማምጣትዎን የነገሩን ቤት ገብተው ካረፉ በኋላ ነው።

በዚያው ሳምንት ራት ላይ ውሳኔዎን አሰሙን። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«ይሄ ሐረግ እዚህ አፈር በቅሎ፣ ጣፍጦ ከበላሁት፣ እዚሁ እኖራለሁ፤ እዚሁ ትቀብሩኛላችሁ። ካልጣፈጠ ግን ወደ ቤቴ ትሸኙኛላችሁ። እንዳትከራከሩኝ።»

ልጅዎ ቶሎ ብላ እሺ አለች፤ ምንም ቢሆን እስከዚያ ድረስ እናቴ አጠገቤ ናት ብላ ነው። እኔ ግን የጠቀለልኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩት። ይህ ከተማ ውርጭ ሲወርድበት ጎመን እንኳ የሚያጠወልግ ነው። የቆላ ተክል እዚህ ሥር ይይዛል ብሎ የሚወራረድ ሰው ከየት ይገኛል? እርስዎ ግን መኖሪያዎን አስያዙበት። ብቻዎን ወደዚያ ቤት፣ ወደዚያ ጉድጓድ እንዳይመለሱ ፈራሁ።

ብርዱ ሲጠና ሐረጉን በየጣሳው ተክለው ክፍልዎ አስገቡት። አንድ በአንድ ጠወለገ። የተረፈውን አንዱን ጣሳ ከራስጌዎ፣ የምድጃው ጭስ ማውጫ በሚያልፍበት ግድግዳ ሥር አስቀምጠው የራስዎን ብርድ ልብስ አለበሱት። ልጅዎ ይህን ስታይ፣ እኔን እንኳ እንዲህ አቅፋ አላሳደገችኝም እያለች ሳቀች። እርስዎም አንቺ ብርድ አታውቂም ነበር፣ ምን ያስለብሰኛል አሏት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አብሬ ሳቅሁ። ብቻዬን ስሆን ግን ያ ጣሳ ከዓይኔ አልጠፋም፤ በአንዲት ቀጭን ሐረግ ላይ ሰው እንዲህ ተስፋውን ሲጥል አይቼ አላውቅም ነበር።

ፀሐይ ሲመለስ ከዚያችው ጣሳ እየቆረጡ ሐረጉን ያባዙት ጀመር። እኔን ከሁሉ የገረመኝ የመደቡ ነገር ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ሹፌሩ ከአውቶቡሱ አጠገብ ግራ ገብቶት ቆሟል። እርስዎ ጎማውን በመዳፍዎ ይዳስሳሉ። ከዚያ ነጩን የአውቶቡሱን ጎን ይዳስሳሉ። ከዚያ ተመልሰው ጎማውን። ሹፌሩ ሊገዙት ነው እንዴ ብሎ ቀለደ። እርስዎ ግን ወደ እኔ ዞረው «ጥቁር ነገር ፀሐይ ይጠጣል። ጥቁር ላስቲክ አምጣልኝ» አሉ።

አመጣሁ። ፀሐይ የማይለየው ግንብ ሥር አፈሩን ከፍ አድርገን ቆለልን፣ ላስቲኩን አለበስነው፣ በየቀዳዳው ሐረግ ሰካን። ከሰዓት በኋላ እጄን ከላስቲኩ ሥር ሰድጄ አፈሩን ብነካው እንደተነሳ ሊጥ ለብ ብሏል። ከግንቡ ማዶ የሚያልፈው ሰው ኮቱን ቆልፎ ይሄዳል፤ እኛ ጋ መሬቱ ሞቋል። አገርዎን ትተው የመጡ መስሎኝ ነበር። ለካ ትንሽ ቆርሰው ይዘው መጥተው ግንባችን ሥር ሊያነጥፉት ኖሯል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲያዝዙኝ ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

ሐረጉ ደግሞ አበደ። ላስቲኩን ሞልቶ መንገዱ ላይ ወጣ፣ የልጅዎን የልብስ ማስጫ እንጨት ተጠመጠመበት። ሹፌሩ በግንቡ ላይ ብቅ እያለ ላም አለኝ በሰማይ ይለን ነበር፤ ቅጠሉን ለበግ ብትሰጡት ይሻላል እያለ። ከላስቲኩ አልፎ የሄደው ሐረግ በየአንጓው ሥር መስደድ ሲጀምር እኔ ጎበዝ ብዬ ነበር። እርስዎ ግን በየጠዋቱ ዱላዎን ከሥሩ እያስገቡ ከመሬት ያላቅቁታል። በየደረሰበት እግሩን ከተከለ ጉልበቱ በየመንገዱ ያልቃል፣ ታች ምንም አያስቀምጥም አሉኝ። አየሩ ቀዝቀዝ ሲል አንሶላ ያለብሱታል። ልጅዎ ከቤታችን አንሶላ የሚበዛው ውጭ የሚያድረው ነው ትል ነበር፤ ግን አንዱንም አልከለከለችዎትም።

ሬዲዮው ውርጭ መቃረቡን በተናገረ ዕለት ቆፈርን። ዶማ ከለከሉን። ቆዳው ስስ ነው፣ አታቁስሉት ብለው በእጃችን አስቆፈሩን። ሦስታችንም ተንበርክከን አፈሩን እንደ ድመት ስንጭር መጀመሪያ የመጣው ሥር ቀጭን ነበር፤ እንደ ጣት። ሁለተኛውም እንደዚያው። ልጅዎ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ እርስዎ ክንድዎን እስከ ክርን ከተቱ። ቆይተው ቀስ ብለው ሲያወጡት፣ ቀይ፣ ወፍራም፣ እንደ ሕፃን እግር የተደላደለ ስኳር ድንች ከዚያ ብርዳም አፈር ወጣ። ከሥሩ ሌላ ነበር። ከዚያ ሥር ሌላ። ግንቡ ላይ ተንጠልጥሎ ሊያሾፍ የመጣው ሹፌር ኮፍያውን አወለቀ። እርስዎ አንዱን በቀሚስዎ ጠርገው ጉንጭዎ ላይ አስጠጉት። እማማ፣ ያኔ ማልቀሴን አላያችሁም፤ ፊቴ አፈር ስለነበር ነው።

ሦስት ሳጥን ሞላ። ያን ጊዜ እግዜር ትንሽ ትዕግሥት ቢሰጠን ምን ነበር? ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ምርጡን አጥባችሁ ጣዳችሁት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለእኛ ነው።

ያቺን ራት ሁላችንም እናስታውሳታለን፤ አንድም ቀን ግን አንስተናት አናውቅም። እርስዎ ልጠው ቆረሱ፣ እፍ አሉበት፣ ጎረሱ። እኛ አፍ አፍዎን እናያለን። አላመጡት፣ ዋጡት፣ የቀረውን ሳህኑ ላይ መለሱት። እኔም ቀመስሁ። እርጥብ ጠመኔ ነው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ልጅዎ ጎርሳ ጥሩ ነው እማዬ፣ ይጣፍጣል ስትል እርስዎ አልተቆጧትም፤ ሳህኑን ብቻ ራቅ አደረጉት።

«ለእኔ አትዋሺ፣ ልጄ» አሏት። «እዚህ የማበቅለው እንጂ የሚጣፍጥልኝ ነገር የለም።»

በሳምንቱ ሸኘንዎት። መናኸሪያ ላይ እንደ መጡበት ቀን ሻንጣዋን እኔ ያዝኩ፤ ሌላ የሚታቀፍ ነገር አልነበረዎትም። እንግዳ ሲሰነብት ከወርቅ ወደ ብር፣ ከብር ወደ መዳብ ይወርዳል፣ ቆርቆሮ ሳልሆን ልሂድ ብለው ቀለዱ። ሹፌሩ እንኳ አልሳቀም። ልጅዎ አውቶቡሱ ከዓይን እስኪጠፋ ቆማ አየችው።

ከዚያ በኋላ ያለውን አያውቁትም፤ የምነግርዎትም እሱን ነው።

ልጅዎ ሳጥኖቹን ማየት አልቻለችም። ከዓይኔ አርቅልኝ አለችኝ። አንዱ ሳጥን ከተራው ድንች ጆንያ ጀርባ ዕቃ ቤት ውስጥ ተረስቶ ቀረ። ሁለቱን ወደ ዳቦ ቤት ወሰድኋቸው፤ ላም ያለው ሰው ሲመጣ እሰጠዋለሁ ብዬ። ማስቀመጫ ስላጣሁ ሊጡ የሚነሳበት ክፍል ጥግ ላይ ደራርቤ ተውኋቸው። ያን ክፍል ያውቁታል፤ አንድ ቀን መጥተው እንደ ቤቴ ይሞቃል ብለው ሳይወጡ የቆዩበት ነው። ከሊጡ ጋር እርጥበቱንም ሙቀቱንም እየጠጡ ከረሙ። ላም ያለው ሰው አልመጣም፤ እኔም ረሳሁት።

ሊጥ አቡኪያችንን በርሜሉን ያስታውሱታል፣ በሆዱ ምክንያት ስም የወጣለትን። ሰው የሚበላው ነገር አጠገቡ ሲቀመጥ አያስችለውም። አንድ ቀን የመጨረሻው ዳቦ ከወጣ በኋላ ጥቂት ስኳር ድንች ትሪ ላይ ደርድሮ፣ እየበረደ ያለው ምድጃ ውስጥ ከቶ ሄደ። እኔ ወለሉን እየጠረግሁ አንድ ሽታ መጣ። ዳቦ አይደለም። ሃያ ዓመት ከዚያ ምድጃ የወጣውን ሽታ ሁሉ አውቃለሁ፤ ይሄን አላውቀውም። ትንሽ እንደተቃጠለ ስኳር ነው፣ ግን ከሱ የሚለሰልስ። በርሜሉ ከምድጃው አፍ ተመልሶ ሲመጣ ጣቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ነበር።

«ለካ ማር ደብቀህ ኖሯል» አለኝ።

ሄጄ አየሁ። ቆዳቸው በየቦታው ተሰንጥቆ፣ ከስንጥቁ ቡናማ ሽሮፕ ወርዶ ትሪው ላይ ደርቋል። አንዱን ለማንሳት ቢላዋ አስፈለገኝ። ቆረስኩት፤ ውስጡ እንደ እንቁላል አስኳል በርቷል። ጎረስሁ። እማማ፣ ምላሴ ተቃጠለ፣ ግን አልተፋሁትም። ያ ጠመኔ የነበረው፣ ያው ራሱ፣ ከዚያው መደብ፣ ከዚያው ቀን የወጣው ነው። ስኳር የጨመረበት የለም። የነካው የለም። ጥግ ላይ ተቀምጦ፣ ሙቀት እየጠጣ፣ በዝምታ ራሱን አጣፈጠ። በርሜሉ ሁለተኛውን ሲልጥ እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። 

ቤት ሄጄ ዕቃ ቤት የተረሳውን ሳጥን ከፈትሁ። ግማሹ በስብሷል፣ ሌላው ብንቀቅለውም መሐሉ አልበስልም ያለ ድንጋይ ሆኗል። እዚያ ቆሜ ነገሩ ቀስ እያለ ገባኝ። በማግስቱ ዳቦ የሚገዛንን ከእርሻ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ደንበኛ ብጠይቀው አዎ አለኝ። ስኳር ድንች ብርዳም አገር ሲወጣ ጣዕሙ ገና ነው፤ ሞቃትና እርጥብ ቦታ ሰንብቶ ቁስሉን አድኖ፣ ከዚያ ቆይቶ ነው የሚጣፍጠው፤ ብርድ ቤት ካስቀመጡት ግን ይሞታል። ይሄ የታወቀ ነው አለኝ። ከእኛ በቀር ለሁሉ የታወቀ ነገር ኖሯል።

እርስዎ ያላወቁት ለምን እንደሆነ ሳስብ ግን የበለጠ ተደነቅሁ። በእርስዎ አገር አፈሩም ትኩስ ነው፣ ቤቱም ትኩስ ነው፣ ማጀቱም ትኩስ ነው። ሙቀቱ ሳይጠሩት ገብቶ ሥራውን ሠርቶ ይወጣል። እናትዎም፣ የእናትዎ እናትም ስለሱ ማሰብ አላስፈለጋቸውም። እዚህ ግን ከሐረጉ እስከ አፈሩ ያለውን ሙቀት ሁሉ እርስዎ በእጅዎ ሠሩት፤ የጎደለው የመጨረሻዋ ጥቂት ብቻ ነበረች። እኔ ጋጋሪው ደግሞ፣ አቡክቶ ወዲያው የጋገረ ድንጋይ እንደሚበላ በየቀኑ ለሰው የምናገረው ሰውዬ፣ አጠገብዎ ተቀምጬ አብሬ ቸኮልኩ።

አንዱን በዳቦ ወረቀት ጠቅልዬ ለልጅዎ ወሰድሁላት። የማን ነው አለችኝ። የእናትሽ አልኳት። መጀመሪያ አላመነችኝም። ከየትኛው ሳጥን እንደሆነ ስነግራት ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ቆዳውን ሳታነሳ እስከ መጨረሻው በላች። ዓይኗ ሞልቶ ነበር፤ እኔም ዞር አልኩላት። ከዚያ ገብታ፣ እርስዎ ከሄዱ ጀምሮ ተዘግቶ የነበረውን ክፍል ከፍታ፣ መስኮቱን ስትጠርግ ሰማኋት።

ተመልሳ ስትመጣ ግን እንዲህ አለችኝ።

«እንዳትለምናት። ለምነን ካመጣናት እንግዳ ነው የምትሆነው። እንግዳ ደግሞ ይሄዳል።»

እውነቷን ነው። ስለዚህ አልለምንዎትም። የሆነውን ብቻ ነው የነገርኩዎት። አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ይህ ልመና አይደለም። እናቴን ያጣኋት ፊቷን ሳልለይ ነው። እርስዎ እዚህ በነበሩበት ጊዜ ከሥራ ስመለስ ኮትህን ቆልፍ የሚለኝ ሰው ነበረኝ። ሲሄዱ አማቱ የሄደችበት ሰው ነኝ ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርሁ። አልሆነም፤ እናቱ የሄደችበት ሰው ነው የሆንኩት።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ከሊጡ ጋር የከረሙት ናቸው። እንደደረሱ አንዱን ቀቅለው፣ ማንንም ሳይሰሙ በራስዎ ምላስ ይፍረዱ። ሹፌሩ መንገድ ላይ እንዳይበላቸው ቆጥሬ ነግሬዋለሁ፤ ስንት እንደሆኑ ግን ለእርስዎም አልነግርም፣ ከእሱ ጋር እንዳይጣሉብኝ።

ሌላው ጥያቄ ነው። ለዘር ብዬ ያስቀረኋቸው ሰሞኑን በአንድ ጫፋቸው ወይን ጠጅ የመሰለ ቡቃያ ማውጣት ጀምረዋል። ውጭ ገና ብርድ ነው። በውሃ ነው የማቆያቸው ወይስ በአፈር? የቱ ጫፍ ነው ወደ ላይ የሚሆነው? ብዙ ባወጡት ልጀምር ወይስ በትልልቆቹ? በርሜሉ አንድ ሐሳብ አለው፣ ሹፌሩ ሌላ ሐሳብ አለው፣ እኔ ሁለቱንም አላምንም። መደቡን ግን ከአሁኑ ቆልዬ ላስቲኩን አልብሼዋለሁ።

ደብዳቤውን ዛሬ ቤት ወስጄ አሽገዋለሁ፤ ሹፌሩ ነገ ማለዳ ይነሳል። ጉድጓዱ ዘንድ ሲሄዱ ሰው ይዘው ይሂዱ። ጤናዎን ይስጥልኝ።

አክባሪዎ አማችዎ፣
ጋጋሪው

እማዬ፣

ይሄን የምጽፈው እኔ ነኝ። ደብዳቤውን ሳይታሸግ ጠረጴዛው ላይ አግኝቼ አነበብኩት። እሱ ጨዋ ነው፣ ዞሮ ዞሮ ስለ ድንች ጻፈልሽ። እኔ ልጅሽ ነኝ።

ነይ።